መብራት ሄዶ እንጂ ሸሽቼ አይደለም፦ ለሰርቨራችን አድሚኖች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ ለሰርቨራችን አድሚኖች፣ እንዲሁም ይመለከተኛል ለሚል ተጫዋች ሁሉ። ሰላም ናችሁ?

የጌሙን ስም አልጠራም። የሚያውቅ ያውቀዋል። ለማያውቅ ባጭሩ፦ ብዙ ሰው በአንድ ጊዜ ኦንላይን ገብቶ የድሮ ዘመን ሰው ሆኖ የሚኖርበት፣ ነጋዴ ነኝ ያለ በቅሎ ጭኖ የሚነግድበት፣ ሽፍታ ነኝ ያለ ደግሞ ጫካ ገብቶ ነጋዴውን የሚጠብቅበት፣ ሮል ፕሌይ የምንለው ዓይነት ጨዋታ ነው። እኔ ነጋዴ ነኝ። በእውኑ ዓለም ደግሞ ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ግራውንድ ላይ ስድስት ኮምፒውተርና ሁለት ፕሌይስቴሽን ያላት ጌም ቤት አለችኝ። የአዳማው የፍጥነት መንገድ የሚጀምርበት ሰፈር ማለት ነው። ከብሎኩ ጀርባ አሁንም ጤፍ ይዘራል።

የዛሬ ሳምንት ማክሰኞ ማታ የሆነውን ልንገራችሁና ወደ ጉዳዬ እገባለሁ።

አራት ሆነን ሦስት ሳምንት ያጠራቀምነውን አሞሌ ጨው በሁለት በቅሎ ጭኜ ወደ ደጋው ገበያ እየወጣሁ ነበር። የዕቁቡ ተራ የእኔ ነበረች። አዎ፣ ጌሙ ውስጥም ዕቁብ አለን፤ ሐበሻ የት ሄዶ ዕቁብ ይቀርበታል? ወንዙ ጋ ስደርስ አንድ ሽፍታ ወጣብኝ። ይሁን፣ ሽፍታ ሥራው ነው። ይሄኛው ግን «ቁም!» አላለም፣ አልተደራደረም። ዝም ብሎ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የአማርኛ ስድብ ያዥጎደጉድብኝ ጀመር። እናቴን ጨመረ። ብሔሬ ነው ብሎ የገመተውንም ጨመረ፣ ያውም ግምቱ ስህተት ነው። ከዚያ ጎራዴውን መዘዘ። እኔም ጋሻዬን አነሳሁ፣ ሁለቴ አገኘሁት፣ እንደዚያ ቀን ተዋግቼ አላውቅም፣ ልክ ሦስተኛውን ልሰነዝር ስል ስክሪኑ ጥቁር አለ። ከየብሎኩ «ውይይይ» የሚል ድምፅ አንድ ላይ ተሰማ። መብራት ሄደ።

ሻማ ለኩሼ ጠበቅኩ። የመጣው ከምሽቱ አምስት ሰዓት አለፍ ሲል ነው። ስገባ «ከውጊያ ሸሽተዋል፤ ለ14 ቀን ታግደዋል» ይላል። በቅሎዎቹ የሉም፣ ጨው የለም። ጓደኛዬ የላከልኝን ስክሪንሾት ስከፍት ደግሞ ሰውየው በአንደኛዋ በቅሎዬ ላይ ተፈናጦ «የፈሪ በቅሎ ለሽያጭ ቀርባለች» ብሎ ለጥፏል።

ያ ሕግ ለምን እንደወጣ ይገባኛል። ልሞት ነው ሲል ገመድ ነቅሎ የሚጠፋ መአት ነው፤ እኔም ተናድጄባቸው አውቃለሁ። ግን ማሽናችሁ ገመድ የነቀለውንና መብራት የሄደበትን አይለይም። ከመሀል ከተማ ወጣ ብለን የምንኖር ሰዎች ደግሞ መብራት ሲሄድብን አስቀድሞ አይነገረንም። ስለ ስድቡ ሪፖርት አደረግኩ። «ሪፖርትዎ ደርሶናል፣ ስለ ትብብርዎ እናመሰግናለን» የሚል መልስ በሰከንድ ውስጥ መጣ። በሰከንድ! ሰው እንዳላነበበው በዚያው አወቅኩ። እስከ ዛሬ ሌላ ነገር አልሰማሁም። ተቀጥቶ ይሁን፣ ተመክሮ ይሁን፣ ተሸልሞ ይሁን የማውቀው ነገር የለም።

ቅጣት አብዙ እያልኳችሁ አይደለም። የምላችሁ አንድ ነገር ነው። ዳኝነቱ እዚያው ጨዋታው ውስጥ ይሁን፣ የተበደለው ሰውም በዓይኑ ይየው።

ከራሴ ቤት ልጀምር። ጌም ቤቷን ስከፍት የተሳደበን ልጅ «ውጣ!» ነበር የምለው። ይወጣል፣ ብሎክ ተሻግሮ ሌላ ጌም ቤት ገብቶ እዚያ ይሳደባል፣ በሳምንቱ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ተመልሶ ይመጣል። የናንተ ባን (እገዳ) ማለት ይሄ ነው። አንድ ቀን አንድ የ13 ዓመት ልጅ፣ ኳስ ተሸንፎ፣ አጠገቡ የተቀመጠውን ልጅ በእናቱ ሰደበው፤ ጆይስቲኩንም ወረወረ። ላስወጣው ስነሳ በራችን ላይ ቡና የሚያፈሉት ጎረቤታችን ጀበናቸውን እንደያዙ ብቅ አሉና «ተወው፣ እዚሁ ይቀመጥ። ውጭ ማን ያየዋል?» አሉኝ። ከዚያ ልጁን ከሰደበው ልጅ ወንበር ጀርባ በርጩማ ላይ አስቀመጡት። ወረቀትና እስክሪብቶ ሰጡት። ሁለት ጨዋታ ሙሉ የዚያን ልጅ ጎል እየቆጠረ እንዲጽፍ ፈረዱበት። መጀመሪያ አኮረፈ። በሁለተኛው ጨዋታ አጋማሽ ላይ «ኦፍሳይድ ነው ባክህ!» እያለ ለዚያው ለሰደበው ልጅ ሲከራከርለት ሰማሁት። ከዚያ ወዲህ የቤታችን ሕግ ይሄው ሆኗል። ስድብ ጠፋ አልልም። ግን ተሰዳቢው ፍርዱን ያየዋል፣ ተሳዳቢውም ከቤት አይጠፋም።

ነገሩን መጀመሪያ ያሰብኩት እኔ አይደለሁም። ስለዚህ ጉዳይ ሳነብ የገረመኝ ኦንላይን ጌም ከተፈጠረ ጀምሮ ሰዎች ሲታገሉበት መኖራቸው ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ አቆጣጠር ነው የምጽፈው።) ሉካስፊልም በ1986 ሃቢታት የሚባል በኮሞዶር 64 ኮምፒውተር የሚሠራ የጋራ ዓለም ከፍቶ ነበር። ወዲያው ሰው መሰራረቅና መገዳደል ጀመረ። ሠሪዎቹ ከላይ ሆነው ትእዛዝ ከማውረድ ይልቅ ነዋሪው ራሱ ይወያይበት ብለው ተዉት። በእውነተኛ ሕይወቱ የግሪክ ኦርቶዶክስ ካህን የሆነ አንድ ተጫዋች እዚያው ጌሙ ውስጥ ቤተ ክርስቲያን ከፈተ፤ ተከታዮቹ መሣሪያ አይዙም፣ አይሰርቁም። ቆይቶም ሕዝቡ ድምፅ ሰጥቶ ሸሪፍ መረጠ። ያኔ እኔ አልተወለድኩም።

በ1997 ኡልቲማ ኦንላይን የሚባል ጌም መጣ። እዚያ ከተማ ውስጥ ወንጀለኛ ካየህ «ጠባቂዎች!» ብለህ በእንግሊዝኛ ትጽፋለህ፣ ዘበኛው ከየት መጣ ሳይባል ከች ብሎ ይገድለዋል። ንጹሕ ሰው ስሙ ሰማያዊ ነው፣ ነፍሰ ገዳይ ስሙ ቀይ ነው፣ ከሩቅ አይተህ ትሸሻለህ። ጥሩ ነገር ነበር። ግን ከከተማ ስትወጣ ጠባቂ የለም። ለአንዳንዱም ቀይ ስም ማፈሪያ መሆኑ ቀርቶ መኩሪያ ሆነ፣ እኛ ሰፈር አንዳንድ ጎረምሳ በታሰረበት ቀን እንደሚፎክረው። በ2000 ባለቤቶቹ ዓለሙን ለሁለት ከፈሉት፤ በአንደኛው ያለ ፈቃድህ ማንም አይነካህም፣ ሌላኛው እንደ ድሮው ቀረ። እኔን ከጠየቃችሁኝ ይሄ መፍትሔ ሳይሆን ፍቺ ነው።

ኢቭ ኦንላይን ላይ ደግሞ ኮንኮርድ የሚባሉ የጠፈር ፖሊሶች አሉ። ጸጥታው በተጠበቀ ቀጠና ሰው ያጠቃ መርከቡን ያወድሙበታል። አያድኑህም ግን፣ ይቀጡልሃል እንጂ። አንተ ከሞትክ በኋላ መድረስ። ይሄ እንኳ ለእኛ አዲስ አይደለም።

ከሁሉም ልቤን የወሰደው የደቡብ ኮሪያው አርክኤጅ ነው፣ በ2013 አገሩ ላይ የተከፈተው። ሰው ስትገድል ወይም የሰው ማሳ ገብተህ አዝመራ ስትሰርቅ መሬቱ ላይ ምልክት ይቀራል፤ ደም ወይም ኮቴ። በዚያ ያለፈ ማንኛውም ተጫዋች አይቶ ያመለክታል። ጥፋቱ ሲጠራቀም ፍርድ ቤት ትቀርባለህ፣ ዳኞቹም አምስት ተጫዋቾች ናቸው። መዝገብህን ያያሉ፣ ክርክርህን ይሰማሉ፣ ይፈርዳሉ። ከተፈረደብህ ካራክተርህ (ጌሙ ውስጥ የምትጫወትበት ሰው) እስር ቤት ገብቶ ደቂቃውን ይቆጥራል። እርግጥ ነው፣ ዳኛ ተጫዋች ሲሆን ለሳቅ ብሎም ይፈርዳል። ቢሆንም አስቡት፦ ጎመኑ የተሰረቀበት ሰው ሌባውን ችሎት ቆሞ ሲያስረዳ ያየዋል!

ሌላም አለ። በጥንታዊት ግብፅ ላይ የተመሠረተው ኤ ቴል ኢን ዘ ዴዘርት (የአባይ ነገር እዚህም አልቀረልንም) ተጫዋቾች ሕግ አርቅቀው በድምፅ የሚያጸድቁበት ነበር። ከመካከላቸው የሚመረጠው ሹም ሰባት ሰው ብቻ ለዘላለም የማባረር ሥልጣን አለው። ሰባት ብቻ! ቁጥሩን የወደድኩት ለዚህ ነው። ሥልጣን የሚያልቅ ነገር ሲሆን ሰው ያስብበታል። እናንተ ባንን እንደ ውሃ ነው የምትረጩት።

ትዕይንቱን ብቻ የወሰዱም አሉ። ሩንስኬፕ በ2012 በሶፍትዌር የሚነዱ ሐሰተኛ ተጫዋቾችን አደባባይ አቅርቦ፣ ሕዝቡ ቅጣቱን እንዲመርጥ አድርጎ ያስገድላቸው ነበር። ጊልድ ዋርስ 2 በ2015 አንድ አጭበርባሪ ተጫዋችን በከተማው መሀል ልብሱን አስወልቀው ከድልድይ ወርውረው፣ ካራክተሩን አጥፍተው ቪዲዮውን ለቀቁት። ቪዲዮውን ሳይ ስቄያለሁ፣ አልዋሽም። ግን ስቄ ስጨርስ አንድ ነገር ታወሰኝ፦ ካሳ የታለ? የተጭበረበረው ሰው ምን አገኘ? ለእኔ ያ ሽፍታ ከገደል ቢወረወር ጨዬ አይመለስም።

እንግዲህ ወደ እኛው እንምጣ። ዓለሙን የድሮ ኢትዮጵያ አድርጋችሁ ሠርታችሁታል። ጎጆው፣ ጋሻው፣ ጠጁ፣ የበቅሎው ኮርቻ ሳይቀር ተለፍቶበታል። ታዲያ የድሮውን ዳኝነት ምን በላው? አባቶቻችን ያለ ሪፖርት በተን ይኖሩ ነበር እኮ።

«በሕግ አምላክ!» የሚለውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። ዛሬ ለቀልድ እንለዋለን። ድሮ ግን ሰውን ባለበት የሚያስቆም ቃል ነበር፤ የተባለበት ሰው ጥሶ ከሄደ ሌላ ጥፋት ጨመረ ማለት ነው። ይሄን ቃል ጌሙ ውስጥ አስገቡት። በማይክም ይባል፣ በቻትም ይጻፍ፣ የተባለበት ካራክተር ባለበት ይቁም። ጠባቂ ከሰማይ አይውረድ። የሚቀጥለው ነገር ቁራኛ ነው።

ቁራኛን ለማያውቅ፦ ከሳሽና ተከሳሽ በሰንሰለት ወይም በነጠላ ጫፍ ተቋጥረው ዳኛ ፊት እስኪደርሱ አብረው የሚሄዱበት ሥርዓት ነበር። የጥንት ተጓዦችም አይተው ጽፈውታል። ባለዕዳና ባለገንዘብ እንደዚያ ታስረው፣ አብረው እየበሉ አብረው እየተኙ ይከርማሉ። ይሄ ለጌም የተፈጠረ አይመስላችሁም? እኔና ያ ሽፍታ ነጠላችን ተቋጥሮ፣ ከአሥር እርምጃ በላይ መራራቅ ሳንችል፣ በቅሎዎቹን እየነዳን ወደ ገበያው ስንወጣ ይታያችሁ። እሱ ሌላ ሰው መዝረፍ አይችልም፣ እኔም መነገድ አልችልም፣ ሁለታችንም ቸኩለናል። ዳገቱ ላይ ጅብ ቢመጣ አብረን ነው የምንዋጋው። ገበያው ጋ ስንደርስ ወይ ታርቀናል፣ ወይ ቢያንስ ሰው መሆኔን ያውቃል፤ ያኔማ ሰው ሳልሆን በሶፍትዌር የሚነዳ የበቅሎ ነጂ ቦት መስዬው ነበር መሰለኝ የሚሰድበኝ።

ዳኛውስ? የመንገድ ዳኛ። ድሮ ሁለት የተጣሉ ሰዎች መንገድ ላይ ያገኙትን ጨዋ ሰው «ዳኘን» ቢሉት ቁጭ ብሎ ይሰማቸው ነበር። ጌሙ ውስጥም ሁለታችንንም የማያውቅ፣ ሌቭሉ ከፍ ያለ ተጫዋች ሲያልፍ እንጠይቀዋለን። የዳኘ ሰው ስሙ ይነሳለት፣ ነገር ያጣመመ ይውረድበት። ፋይናል ፋንታሲ 14 ላይ አብሮህ የተጫወተን ጨዋ ሰው ሲጨርስ ታመሰግነዋለህ፣ ምስጋናው ሲጠራቀም የሚጋልበው እንስሳ ሳይቀር ያሸልመዋል። ሰዎች ለዚያ ብለው ጨዋ ይሆናሉ። ለምን ብለው ጨዋ እንደሆኑ እኔን አያሳስበኝም።

ፍርዱም ካሳ ይሁን። ጨዬን በልቶ ከሆነ ራሱ ቆላ ወርዶ፣ ጨው ተሸክሞ፣ አሞሌውን አንድ በአንድ ቆጥሮ ለዕቁባችን ይክፈል። እኔ ፊት።

አሁን «ተንኮለኛ ሰው ቁራኛውን ራሱ መቀለጃ ያደርገዋል፣ ያገኘውን ሁሉ በሕግ አምላክ እያለ ያስራል» እንደምትሉኝ አውቃለሁ። ልክ ናችሁ፣ ያደርገዋል። ለዚያም አባቶቻችን ቀድመው አስበውበታል። ሙግት ላይ «በማር!» «በፈረስ!» እየተባለ ይወራረዱ ነበር፤ የተረታ ይከፍላል። ከሳሽም ከመክሰሱ በፊት አሞሌ ያሲዝ። በሐሰት የከሰሰ ያስያዘውን ይጣ። ድሃ ተጫዋች ማስያዣ ከሌለው ዋስ ይጥራ፣ ዋስ የሚሆነው ሰው ከሌለው ደግሞ... እዚህ ጋ መልስ የለኝም፣ እናንተ አስቡበት፤ ኮድ የምትጽፉት እናንተ ናችሁ።

አንድ ነገር ግን በጨዋታ አይፈታም፣ እዚህ ላይ ቀልድ አላውቅም። ሰውን በብሔሩ መስደብ፣ ሴት ልጅ ማይክ በከፈተች ቁጥር የሚወርድባት ነገር፣ «ቤትህን አውቀዋለሁ» የሚል ዛቻ። እነዚህ ለመንገድ ዳኛም ለቁራኛም አይቀርቡም። አንዲት ልጅ ከሰደባት ሰው ጋር ነጠላዋ ይቋጠር ብዬ አልፈርድም፣ እግዜር አያሳየኝ። በ1993 ላምዳሙ በሚባል በጽሑፍ ብቻ በሚሠራ ዓለም ውስጥ አንድ ሰው በፕሮግራም ተጠቅሞ የሌሎችን ካራክተር በግድ አስነወረ። ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ተከራከሩ፣ ተከራከሩ፣ ስብሰባው ያለ ውሳኔ ተበተነ። በመጨረሻ ከአስተዳዳሪዎቹ አንዱ ብቻውን ወስኖ አጠፋው። ሰውየውም ስም ቀይሮ ተመለሰ። ከዚያ በኋላ ነው እዚያ ሕዝቡ ድምፅ የሚሰጥበት ሥርዓት የተዘረጋው። የተጎዱት ሰዎች ግን ያን ሁሉ ክርክር ቁጭ ብለው መስማት ነበረባቸው። ስለዚህ እንዲህ ዓይነቱን ወዲያው አስወጡ፣ ከጨዋታው ውጭ፣ በሰው እጅ። ለተበዳይም «አስወጥተነዋል» ብላችሁ ጻፉላት። አንድ መስመር ይበቃል።

ለዚህ ደግሞ አማርኛ የሚያነብ ሰው ያስፈልጋችኋል። ማጣሪያችሁ የእንግሊዝኛ ስድብ ብቻ ነው የሚይዘው። በግዕዝ ፊደል የተጻፈው ያልፋል፣ በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈው አማርኛማ እየዘፈነ ያልፋል፤ አንዱን ቃል በአምስት ዓይነት ስፔሊንግ ስለሚጽፉት። አንዴ ደግሞ ማጣሪያው «ሺት» የሚለውን የእንግሊዝኛ ስድብ ጻፍክ ብሎ ደንበኛዬን አፍኖታል፣ ልጁ በእንግሊዝኛ ፊደል «ሽጥ» ሊል ፈልጎ ነበር፣ በቅሎ ሽጥ። የጥላቻ ንግግርን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 (ይሄኛው ዓመት በእኛ አቆጣጠር ነው) በአገራችን አለ፣ ግን ለበቅሎና ለጨው ነገር ፖሊስ ጣቢያ እንድሄድ አትጠብቁኝ። ከእናንተ ይጀምር።

የመብራቱንም ነገር ሳልረሳ። መፍትሔው ቀላል ይመስለኛል። ውጊያ መሀል ግንኙነቱ የተቋረጠበት ካራክተር ከዓለሙ አይጥፋ። ራሱን ስቶ እዚያው ይውደቅ። ገመድ የነቀለ እንደሆነ ወድቆ ይገኛል፣ አያመልጥም። መብራት የሄደበት እንደሆነም አልሸሸም፣ ታሟል። ለ15 ደቂቃ የነካው ሰው ነውር እንደሠራ ይቆጠርበት፣ የወደቀ ሰው የዘረፈ ይባል፣ ምልክቱም ይታይበት። አጠገቡ ያለ መንገደኛ ደግሞ ጸበል ቢያመጣለት ወይም ጥላ ውስጥ ቢጎትተው ይመስገን። ከዚያ በኋላ ሽፍታው ጨዉን ቢወስድም ቅር አይለኝም፤ ሽፍታ ነዋ። ብቻ «ሸሽተዋል» አትበሉኝ። ሁለቴ ወግቼዋለሁ፣ ሎጉ (የጨዋታው መዝገብ) አላችሁ፣ እዩት።

እገዳዬ የሚያልቀው የፊታችን ማክሰኞ ነው። ማታ ሁለት ሰዓት ላይ፣ መብራት ካለ፣ ያው ወንዝ ዳር እቆማለሁ። በቅሎ የለኝም፣ በእግሬ ነው። ያ ሰው ይህን ካነበበ ይምጣ፣ ዳኛም ከእናንተ መካከል አንድ ሰው ይምጣ፣ እንደ አድሚን ሳይሆን እንደ መንገደኛ ለብሶ። ነጠላ እኔ ይዣለሁ።

ከቱሉ ዲምቱ፣ ጨው ነጋዴው